የክረምት ሽርሽር፦ ልጆች ሲያድጉ፣ ማዕዱም ሲለያይ



ክረምት ሲገባ የብዙዎቻችን ቤት ይሞላል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ይመጣል፤ የተዳረችው ልጅ ከባለቤቷ ጋር ትገባለች፤ ዐረብ አገር ያለውም የዓመት ፈቃዱን ይዞ ከተፍ ይላል። ሦስት አራት ቀን በጨዋታ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ወደየስልኩ ያቀረቅራል። ይህን ጊዜ አባት «እስቲ አንድ ላይ ወጣ ብለን እንምጣ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዝምድናን መቀጠል ዒባዳ ነውና። ይሁንና ያደጉ ልጆችን ይዞ መጓዝ ሕፃናትን አዝሎ እንደ መሄድ አይደለም። አንዱ ስኳር አለበት፣ አንዱ ጨጓራውን ያመዋል፣ ሌላው የሚበላውን ስጋ ማን እንዳረደው ሳያውቅ አይጎርስም። ታዲያ ይህን ሁሉ በአንድ ማዕድ እንዴት እናስማማዋለን?

በሐምሌ የተማርኩት

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እኔም ይህንኑ ሳላስብ ቤተሰቤን ይዤ ከአራዳ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ መኪናውን የተነጋገርኩትም እኔ። ልጆቼን ያማከርኩት «ነገ ጠዋት ተዘጋጁ» በማለት ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ስኳር አለባት። መርፌዋን ጠዋት ወስዳ ትንሽ ቀማምሳ ተነሳች፤ ምሳ በሰዓቱ እንደምናገኝ ተስፋ አድርገን። ዕለቱ ሐሙስ ነበርና ጾም አልነበረም። የገባንበት ምግብ ቤት የተሠራው ሁሉ በስጋ ነው። ሽሮ በንጹሕ ድስት ለብቻው እንዲሠራልን ጠየቅን፤ እነሱም በትሕትና እሺ አሉ። ግን ከሰዓት በላይ ፈጀ። በዚህ መካከል ባለቤቴ አላባት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯም ተዛባ። እኔ ድካም መስሎኝ «ጋደም በይ» ስላት ትልቋ ልጄ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። አልሐምዱሊላህ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነፍሷ ተመለሰ።

ማታ ልጄ «አባባ፣ ቢያማክሩን ኖሮ እኔ ስንቅ እይዝ ነበር» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ምግብ ቤቱ አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሹራ

ቁርኣን በሱረቱ ሹራ ምእመናን ጉዳያቸውን በመመካከር የሚሠሩ መሆናቸውን በማመስገን ይጠቅሳል። ይህ የመንግሥትና የመስጂድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤትም ነው። ልጅ ሃያ ዓመት ካለፈው ሐሳቡም ገንዘቡም የራሱ ነው። እንግዲያውስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ቀን አለህ? ምን ያህል ታዋጣለህ? የማትበላው ምንድን ነው?

በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ አይታለፍ። ከውጭ የመጣ ልጅ ሁሉን እንዲከፍል ዝም ብሎ መጠበቅ በአገራችን የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ልጁ አፍሮ ይከፍላል፤ ሲመለስ ግን ያጠራቀመው አልቆ ነው። አባት ትራንስፖርቱን፣ ልጆች ማደሪያውንና ምግቡን እንደየአቅማቸው ቢከፋፈሉት ማንም አይከብደውም። ገና ሥራ ያልያዘውም ስንቅ በመሸከም፣ ምግብ በማብሰል ድርሻ ይኑረው።

ማደሪያም ቢሆን አስቀድሞ ይታሰብበት። ያደጉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ክፍላቸው የተለየ ይሁን፤ ባልና ሚስትም የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው። አማች «ሸክም ሆንኩ» ብሎ እንዳይሳቀቅ እሱንም ከምክክሩ አስገቡት።

የት እንሂድ?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የቦታው ውበት ሳይሆን የመንገዱ ሰላም ነው። በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን በዋዜማውም በዕለቱ ጠዋትም ጠይቁ። ካልተመቸ መቅረት ሽንፈት አይደለም። ያን ጊዜ የፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምን፣ አያቶቻችን የኖሩበትን አዲስ ዓለምን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተዘዋወሩ። በእ.ኤ.አ. 1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ እንደ ተወሰነ፣ ከዚያ ሰፈር የወጡ ነጋዴዎችም ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይወርዱ እንደ ነበር በቦታው ቆሞ መንገር ራሱ ሽርሽር ነው። ስንቱ የጎንደር ልጅ ይህን ሳያውቅ ባሕር ተሻግሯል!

መንገዱ ሰላም ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ። ወደ ሰሜን ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በእ.ኤ.አ. 1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ጭላዳውንና ዋልያውን ማየት የአላህን ጥበብ ማስተንተን ነው። ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገደሉን ጉም ይሸፍነዋል። የልጆቻችሁ ፈቃድ ከፈቀደ መስከረም ይሻላል፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፣ አደዩም ይፈነዳል። ጎንደር 2,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስትሆን ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ወደ ደቡብ ደግሞ ጎርጎራ አለች፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጣና ዳር። ብርዱም ዳገቱም የለም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች የምመርጠው ይህንኑ ነው። አንድ ትልቅ ጥቅምም አላት፤ እርሱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

የስጋው ጉዳይ

እንደሚታወቀው በአገራችን ሙስሊሙ የሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን እርድ ይበላል። ዐረብ አገር የቆየው ልጄ «አባባ፣ የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ እኮ በሱረቱል ማኢዳ ተፈቅዷል» ሲለኝ እናቱ ደነገጠች። ነገሩ ዑለማ የተነጋገሩበት ስለሆነ ፈትዋው የነሱ ነው፤ እኔ በዚህ ዓምድ አልፈርድም። ለቤተሰብ ጉዞ የያዝኩት ደንብ ግን አለ፦ የጋራ ማዕድ በጥንቃቄ ከሁሉ በሚበልጠው ሰው ልክ ይሁን። እናት የማትጎርሰውን ልጅ ፊቷ አይብላ። ክርክር ለቤት፣ መንገድ ለፍቅር ነው። ልጄም ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ተቀበለ።

ደንቡን ለመጠበቅ አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛ፣ ዓሣ። ከውሃ የሚገኝ ምግብ እርድ አያሻውም። የጎርጎራ ጥቅም ይህ ነው፤ ቀረሶውን አጥበው ይጠብሱላችኋል። የሚጠበስበት ዘይት ስጋ ያልተጠበሰበት መሆኑን ብቻ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የክርስቲያን ወገኖቻችን ጾም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አለ። በእነዚህ ቀናት ምግብ ቤቱ ምስር፣ ሽሮና ጎመን በዘይት ይሠራል። ጉዟችሁን ከነዚህ ቀናት ጋር ብታስማሙት ያ የኔ የሐሙስ ምሳ አይደርስባችሁም። በሌላ ቀን ግን «ሽሮ» ስትሉ ቦዘና እንዳይመጣባችሁ ለይታችሁ ንገሩ፤ ስጋ አለበትና።

ሦስተኛ፣ ራስ አርዶ መብላት። ዶሮ ወይም በግ ገዝቶ ወንድ ልጅ ቢስሚላህ ብሎ ይረድ፤ ሴትም ብታርድ ይቻላል። ድስትና ቢላ ከቤት ያዙ። ዕድሜው ሃያ ሞልቶ ማረድ የማይችል ልጅ ካላችሁ ይህ ጉዞ ትምህርት ቤቱ ይሁን።

አራተኛ፣ ስንቅ። አባቶቻችን ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ ሳይዙ መንገድ አይወጡም ነበር። ሱረቱል በቀራም የሐጅ መንገደኛ ስንቅ እንዲይዝ ያስተምራል፤ ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠውም አላህን መፍራት መሆኑን ያስታውሳል። ለመጠጥ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ብትይዙ ጠላና አረቄ ከሚሸጥበት ቤት መግባት አያስፈልጋችሁም።

የታመመ ሰው ካለ

ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን ወይም ክኒኑን ወስዶ ምግብ አያዘግይ። ምግቡ ቀርቦ ሲታይ ብቻ ይውሰድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉና የራሱን ከሐኪሙ ይረዳ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መወላገድ ከታየ «ጋደም በል» አትበሉ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግማችሁ እዩት፣ ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሐኪም አፍጥኑ። ኢንሱሊን ፀሐይም ውርጭም አይወድም፤ በመኪና መስታወት ስር አትተዉት። መድኃኒቱን በሁለት ቦርሳ ከፋፍላችሁ ያዙ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል።

ደም ግፊት ላለበት ቋንጣና ጨው የገባበት ሽሮ ዱቄት አይስማሙም፤ ጨው የሌለው ለብቻው ይዘጋጅለት። ጨጓራ ላለበትም አልጫ ይሠራለት። ለብቻው ሲቀርብለት ግን «በሽተኛው» እየተባለ አይሁን፤ ሁላችሁም ከአልጫው ቅመሱለት።

ሶላትና ብርድ

መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ አሳጥሮ መስገድ ተፈቅዶለታል። ብዙ ዑለማ ርቀቱን 80 ኪሎ ሜትር ግድም ያደርጉታል። በዚህ መለኪያ ደባርቅ ስትገባ ጎርጎራ አትደርስም፤ ስለዚህ ኢማማችሁን ጠይቁ። በደጋው ብርድ ውዱእ ለሚከብደው ሰው ደግሞ ኹፍ ላይ ማበስ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቹ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበሰቡባቸው ክረምቶች ጥቂት ናቸው። ያ የደባርቅ ምሳ ካለፈ በኋላ የአንዱ ፈቃድ ከሌላው ጋር የገጠመልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጎርጎራ ወረድን። ቀኑን ልጆቼ መረጡ፣ ስንቁን ትልቋ ልጄ ቋጠረች፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ዓሣዋን በሰዓቷ በላች። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የሐይቁን ውበት ሳይሆን፣ ማንም «አባባ ምን አሉ?» ሳይል ሁሉም ሥራውን ማወቁን ነው።

አላህ መንገዳችንን ሰላም፣ ማዕዳችንን ሐላል፣ ቤታችንንም የምክክር ቤት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።