አሮጌው የግቢ ትራክተር ለቁርጥራጭ ብረት አይሸጥ

በአሜሪካ አሮጌ የግቢ ትራክተሮችን በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣትን ከብ ካዴት እንመልከት። ባለ 7 የፈረስ ጉልበቱ የኮህለር ሞተሯ ብሎክ ከጊዛ የተሠራ ነው፤ ሲሊንደሩ ሲበላ ውስጡ ተፍቆ ወፈር ያለ ፒስተን ይገባለታል። ለኩሽኔታም ቢሆን የትራክተሯን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር ለሻጭ ማሳየት ይበቃል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የሣር ማጨጃዎች ግን ስስ ቆርቆሮ ናቸው፤ ካምቢዮአቸው ሲበላሽ ጥገናው ከዋጋቸው ጋር ይፎካከራል።

«መለዋወጫው ይገኝ ይሆናል፤ ተቀጥላውስ?» የሚሉ ወገኖች ጥያቄ ተገቢ ነው። የበረዶ መጥረጊያው ወይም ማረሻው ተፈልጎ ይገኛል፤ የሚጠፋው ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። ይህ ብረት በአንድ ኩባንያ ምርቶች መካከል እንኳ ይለያያል። ለማረሻ ወይም ለበረዶ መግፊያ ጎበዝ በያጅ ልኩን ወስዶ ይሠራዋል። በሞተሩ ኃይል ለሚሽከረከር ተቀጥላ ግን ቺንጋው የሚሰለፍበት መስመር ትንሽ ከተዛነፈ ሥራው ከንቱ ነው። የደኅንነት ሥጋትም አለ፤ ብዙዎቹ አሮጌዎች ነጂው ከመቀመጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም። እሱን ማስገጠም ቀላል የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሆነ ለመጣል ሰበብ አይሆንም። ገዢ ሆይ፣ ማያያዣው ብረት አብሮ ካልመጣ በተቀጥላው ዋጋ አትስማማ።