መርፌ የሴት ብቻ ነውን?

በዕረፍት ሰዓት መርፌና ክር ይዛ የተቀመጠች ተማሪ ብትታይ የሚደነቅ የለም፤ ወንድ ልጅ ቢይዝ ግን ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ይህ ሣቅ መሠረት የለውም። በአገራችን ፈትሉን ሴት ብትፈትለው፥ ሸማውን የሚሠራው ወንድ ነው፤ በየበረንዳው የስፌት መኪና የሚያሽከረክረውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም፥ ንቀቱ ሣቅ መስሎ ከእኛ ዘንድ ቀርቷል።

ጥቅሙንም እንመልከት። የአሮጌ ሱሪ እግር ታቹ ተሰፍቶ ማንገቻ ቢደረግለት ጠንካራ የገበያ ቦርሳ ይሆናል። ማንገቻው በሚጋጠምበት ቦታ ክሩን ወደ ኋላ እየመለሱ መስፋት ይገባል፤ ሸክሙ የሚያርፈው በዚያ ነውና። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስለ ጸደቀ፥ እንዲህ ያለው ቦርሳ ለእናት መልካም ስጦታ ነው። ለታናሽ እኅቱ ቀሚስ የሚሰፋም ጫፉን በሰፊው ይጠፈው፤ ልጅቱ ስታድግ እጥፋቱ ተፈትቶ ይረዝማል።

«ለተማሪ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን በቀን ግማሽ ሰዓት ትምህርትን አይጎዳም፤ የተጣመመውን ስፌት ፈትቶ እንደገና መስፋትም ትዕግሥትን ያስተምራል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ቁራጩን ጨርቅ ከመጣላቸው በፊት ለሴቱም ለወንዱም እንዲሰጡን፥ መምህራኖቻችንም ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን። እናንተም ጓደኞቼ፥ ከመሣቃችሁ በፊት የለበሳችሁትን ልብስ ማን እንደ ሰፋው ጠይቁ።