በድል ማግሥት ዘበኛው ማን ነው?

ብዙ ሰው ጦርነት የሚያልቀው ተኩሱ ሲቆም ይመስለዋል። ነገር ግን ተኩስ ከቆመ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀኖች፣ ከውጊያው ቀኖች ይልቅ የአሸናፊውን ሐሳብ ገልጠው የሚያሳዩበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነገር ባግዳድ ምስክር ናት።

የአሜሪካ ጦር ሚያዝያ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ባግዳድን ሲይዝ የቀድሞው መንግሥት ፈረሰ፤ ፖሊሱም ዘበኛውም ከየቦታው ጠፋ። በማግሥቱ ዘራፊዎች ወደ ኢራቅ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ገቡ። ሠራተኞቹ ሚያዝያ 4 ቀን ተመልሰው ጥበቃ እንዲሰጣቸው ቢለምኑም፣ ታንኮች የደረሱት ሚያዝያ 8 ቀን ነበር። በዚህ መካከል 15,000 ያህል ዕቃ ተወስዷል። በዚያው ሰሞን ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት ተቃጠለ። የነዳጅ ሚኒስቴር ሕንፃ ግን በነዚያው ቀኖች ወታደር ቆሞለት ነበር።

ስለ ወታደሮቹ የሚነገረውንም ምክንያት መስማት ተገቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከቤተ መዘክሩ ቅጥር ውስጥ ይተኮስባቸው ነበር፤ ውጊያ ባለበት ዘበኛ ማቆምም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት ተኩሱ ከቆመ በኋላ ስላለፉት ቀኖች መልስ አይሰጥም። ጥፋቱ የተራው ወታደር ሳይሆን፣ ከተማይቱን ለመያዝ ዕቅድ አውጥቶ ለማግሥቱ ሳያወጣ የቀረው የአለቃው ነው።

ሕጉም አዲስ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. በሄግ የተፈረመው የጦርነት ደንብ በአንቀጽ 43፣ አገር የያዘ ጦር የሕዝቡን ጸጥታና ደኅንነት የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1946 ዓ.ም. የወጣው የሄግ ስምምነት ደግሞ ቅርስን አለመዝረፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው እንዳይዘርፈው መከልከልንም ያዛል። አሜሪካ ይህን ሁለተኛውን ያጸደቀችው በ2001 ዓ.ም. ቢሆንም፣ የፊተኛው ደንብ ያስገድዳት ነበር። ደግሞም ጄኔራል አይዘንሃወር በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. በኢጣልያ ለሚዋጋው ጦር ታሪካዊ ሕንፃዎች እንዲጠበቁ ትእዛዝ ሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ለአሜሪካ ጦር እንግዳ አልነበረም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተጭነው ሄዱ፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ የወሰደችው የአክሱም ሐውልትም በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት መመለስ ሲገባው፣ አገሩ የገባው ከ58 ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በመቅደላና በአክሱም የወሰደው ጦሩ ራሱ ነው፤ በባግዳድ ግን ጦሩ ከተማው ውስጥ እያለ ሌላው ወሰደ። ለባለቤቱ ግን ጉዳቱ አንድ ነው፤ በአንድ ቀን የወጣ ዕቃ ለመመለስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል።

ከባግዳድ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። የቤተ መዘክሩ ሠራተኞች ጦርነቱ ሳይጀመር 8,366 ዕቃ ከማሳያው ሣጥን አውጥተው በምስጢር ስለ ሸሸጉ ያ ሁሉ ዳነ። ከዘረፋውም በኋላ ዕቃ ለሚመልስ ሰው ምሕረት ስለ ተሰጠ፣ ዕድሜው ከ5,000 ዓመት የሚበልጠው የዋርካ የድንጋይ ማሰሮ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ተሰባብሮም ቢሆን ተመለሰ። በመጋዘን የነበረው ግን ሁሉም በመዝገብ ስላልገባ፣ የጠፋውን በትክክል መቁጠር አስቸጋሪ ሆነ።

እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የገባን ወጣቶች ጦር አናዝም፤ መዝገቡ ግን በእጃችን ነው። ያልተመዘገበ ቅርስ ሲሰረቅ ባለቤቱ በምን ያስመሰክራል? ዘበኛ ማቆም የጦር አለቃው ግዴታ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሚጠበቀው ነገር በስሙና በቁጥሩ እንዲታወቅ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። ይህም በሰላም ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጦርነት ከመጣ በኋላ ጊዜ አይገኝለትም።