ተራራውም መማሪያ ክፍል ነው

«ተራራ መውጣት ሽርሽር ነው፤ ለሽርሽር የሚባክን ጊዜ የለንም» የሚል አነጋገር በተቋማችን ውስጥ ደጋግመን እንሰማለን። ባለፈው መንፈቅ የመስክ ጉዞ ጥያቄ ስናቀርብ የተሰጠን መልስም ከዚህ የራቀ አልነበረም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንን ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው የኖራ ድንጋይ ሸንተረር እናስረዳ።

ይህ ደረቅ ሸንተረር ከሩቅ ሲያዩት ግራርና ቁልቋል ብቻ የበቀለበት ራቁት ድንጋይ ይመስላል። ነገር ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው የባሕር ወለል ነበር። ድንጋዩም በዚያ ባሕር ሥር ከተጠራቀመ የኖራ ጭቃና ከባሕር እንስሳት ቅርፊት የተሠራ ነው። ተማሪ ይህን ከሰሌዳ ቢገለብጥ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። ድንጋዩን ፍቆ በዱቄቱ ላይ ሎሚ ቢያንጠባጥብና አረፋ ሲወጣ ቢያይ ግን መቼ ይረሳል? የሎሚው አሲድ ኖራውን ሲበላው ነው አረፋው የሚመጣው። የዝናብ ውሃም በዝግታ ይህንኑ ይሠራል፤ ስንጥቁን እያሰፋ በብዙ ዘመን ዋሻ ይፈለፍላል።

ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዳገቱ ላይ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለዚህ ምስክር ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የደበዘዙ የጥንት ሥዕሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት ተገኝቶበታል። ከዋሻው የወጡት ቀይ ቀለም የሚሰጡ የድንጋይ ቁርጥራጮች ከ4,000 በላይ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። የታሪክ መምህር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ያመጣል?

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከተማዋ እንደ ካርታ ትዘረጋለች። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን ከተራሮቹ የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ልጆች እዚያ ቆመው የተራቆተውን ዳገትና ከሥሩ ያለውን መንደር አንድ ላይ ካዩ፣ «ዛፍ ትከሉ» የሚለው ትምህርት መፈክር መሆኑ ይቀርና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

«ሰው ቢወድቅስ? ፀሐይ ቢመታውስ?» ይሉናል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቤት መቀመጥ ሳይሆን መዘጋጀት ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ሙቀቱ ሳይበረታ መውረድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቂ ውሃና ጠንካራ ጫማ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው፣ የዋሻው ፈቃድ፣ ሥዕሉን በእጅ አለመንካት፣ ሰማይ ከጠቆረ ደቻቱን አለመሻገር። ልጆችን ይዞ መውጣትና በደህና መመለስም እኮ የመምህርነት ሙያ ነው። እዚህ ካልተማርነው የት ልንማረው ነው?

ነገ ብዙዎቻችን የምንመደበው ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ ካርታው በተቀደደበት ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ግን ኮረብታ አይጠፋም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ምሳሌው ደጃችን ላይ ቆሟል። ስለዚህ በየመንፈቁ ቢያንስ አንድ ቀን ለመስክ ትምህርት ይመደብ፤ ሰልጣኙም የትምህርት ዕቅድ አውጥቶ ይሂድ፣ ሲመለስ ሪፖርት ጽፎ ማርክ ይያዝለት። መምህራኖቻችን ይህን እንዲያስቡበት፣ የማይስማሙ ጓደኞቻችንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልስ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።