ማን ልኮህ ነው?

አንድ የመንግሥት ቢሮ ወረፋ ይዤ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ መመላለሴ ነው። ሁለቱንም ጊዜ «ፋይሉ ጠፍቷል» ተብያለሁ። የጠፋ ፋይል እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ እዚህ አገር ያደገ ሰው አይጠፋውም፤ የታጠፈ ወረቀት ውስጥ አምስት መቶ ብር ሸጉጬ ነው የሄድኩት። ከፊቴ አምስት ሰው ሲቀር መስኮቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ደረሰኝ ካለው እከፍላለሁ» አለ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ጥበቃዎቹ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ሥራ እያስተጓጎልክ ነው» አሉት። አንደኛው ክንዱን ይዞ እየገፋው «ማን ልኮህ ነው?» ሲለው ሰማሁ።

እኛስ? እኛማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋን። ከኋላዬ የነበሩ እናት «ምን አገባው? ልጆች የሉትም እንዴ?» አሉ። ሌላው ሳቅ ብሎ «ይሄማ የላከው አለ» አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ወረፋው በአንድ ሰው ማጠሩን ግን ልብ ብያለሁ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ጥያቄዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ሌብነትን ያጋለጡ ሰዎች ሲታሰሩ «አፋቸውን ለማዘጋት ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የእስሩ ትልቁ ሥራ ጥያቄ መቀየር ይመስለኛል። ሰውየው ከመያዙ በፊት ጥያቄው «ገንዘቡ የት ሄደ?» የሚል ነው። ከተያዘ በኋላ «ሰውየው ማነው? ከጀርባው ማን አለ?» ይሆናል። ይህን ጥያቄ ደግሞ ፖሊስ ብቻውን አያሰራጨውም። እኛ ነን የምናሰራጭለት፣ ያውም በነፃ።

ሐራሬ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚሉን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአገር የወጡት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። እኔ አሁን አሁን የማስበው ሆፕዌል ቺኖኖን ነው። ታሪኩን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ በ2012 ክረምት እኛም ለሳምንታት ኢንተርኔት ተዘግቶብን ነበርና።

ቺኖኖ ጋዜጠኛና የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ነው። ኮቪድ በገባበት ሰሞን የዚምባብዌ መንግሥት ድራክስ ኢንተርናሽናል ከሚባል ድርጅት ጋር የ60 ሚሊዮን ዶላር የሕክምና ቁሳቁስ ውል ገባ። አንዱ የፊት ጭምብል 28 ዶላር የተተመነበት ውል ነው። (በዚያን ሰሞን እኛ ታክሲ ተራ ላይ ጭምብል በስንት ይሸጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።) ቺኖኖ ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ውሉ ተሰረዘ። የጤና ሚኒስትሩ ኦባዲያ ሞዮ ሰኔ 12 ቀን ተያዙና በማግሥቱ፣ ዐቃቤ ሕግ ሳይቃወም፣ በዋስ ወጡ። ሰኔ 30 ከሥልጣናቸው ተነሡ። ፊልም ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር።

በ13ኛው ቀን ፖሊሶች የቺኖኖን ቤት የመስታወት በር ሰብረው ገቡ። ክሱ ሕዝብን ለሁከት ማነሳሳት የሚል ነው። ሐምሌ 24 ቀን ሊካሄድ ታስቦ የነበረውን ፀረ ሙስና ሰልፍ ደግፎ ትዊተር ላይ ጽፏል ተባለ። ሰልፉን የጠራው ፖለቲከኛ ጃኮብ ንጋሪቩሜም በዚያው ቀን ታሰረ። ቺኖኖ ዋስትና ተከለከለ፣ ቺኩሩቢ እስር ቤት ገባ፣ ነሐሴ 27 ቀን ነው የወጣው። ሚኒስትሩ አንድ ሌሊት፣ የጻፈባቸው ሰው 44 ቀን። በመሃል ጠበቃው ቢያትሪስ ምቴትዋ እንኳ በስሟ በተከፈተ የፌስቡክ ገጽ ሰበብ እንዳትቆምለት በዳኛ ታግዳ ነበር።

በዚህ አላበቃም። በጥቅምት ላይ እንደገና ታሰረ። በታኅሣሥ 30 ቀን 2013 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ፤ አሁን ክሱ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ነው። ይቺን በደንብ ስሟት፤ የተከሰሰበት አንቀጽ በአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከዓመታት በፊት የተሻረ ነበር። የለም! ሰውየው በሌለ ሕግ ተከሶ ሦስት ሳምንት ገደማ እስር ቤት ከረመ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን የሰረዘው በሚያዝያ ነው። የሚኒስትሩም ክስ በኋላ ተሰረዘ። የ60 ሚሊዮኑ ውል ነገርማ ከሦስቱ እስሮች በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ሐራሬ ብቻ አይደለችም። ሰርጌይ ማግኒትስኪ ከሩሲያ ግምጃ ቤት 230 ሚሊዮን ዶላር በሐሰተኛ የግብር ተመላሽ መዘረፉን አጋለጠ። የተያዘው እሱ ነው፣ ያውም በግብር ማጭበርበር። 358 ቀን ታስሮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ከሞተ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። ቻይናዊው የሕግ ሰው ሹ ዢዮንግና ጓደኞቹ ባለሥልጣናት ሀብታቸውን ያሳውቁ ብለው ጠየቁ። «ሰው ሰብስበህ ሥርዓት አውከሃል» ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ከወጣ በኋላ እንደገና ተይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥትን ለመገልበጥ በማሴር 14 ዓመት ተፈረደበት። ሁከት፣ ግብር፣ ሥርዓት ማወክ፣ ማሴር። በነዚህ ሁሉ ክሶች ውስጥ ስለ ገንዘቡ ለተነሳው ጥያቄ መልስ ፈልጉ፤ አታገኙም።

ወደ እኛ ልመለስ። «ማን ልኮት ነው?» የምንለው ክፉ ስለሆንን አይደለም። ተምረን ነው። በግንቦት 1993 የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ገዥው ፓርቲ ለሁለት ከተሰነጠቀ ገና ወራት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተያዙ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ስትል ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ መልሰው ያዟቸው፤ ፓርላማውም በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዳይኖረው በጥድፊያ ሕግ አወጣ። ዳኛዋም በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብታ ሁለት ጊዜ ታሰረች። እንግዲህ «ሙስና» የሚለው ቃል በጆሯችን ውስጥ የተሸነፈ ባለሥልጣን መጠሪያ ሆኖ ቢቀር ይገርማል? ያልተሸነፈውማ ይበላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ተርተንለት የለ!

ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅም እንዳይኖር በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ። አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ፈጀ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ትውልድ ሳይጠይቅ ያድጋል፤ እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ። ሹ ዢዮንግ የታሰረለት የሀብት ምዝገባ እኛ ጋ ከ2002 ጀምሮ በአዋጅ አለ። ከእናንተ መሃል የአንድ ሚኒስትር የተመዘገበ ሀብት ዝርዝር አይቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ጥርጣሬያችሁን አልንቅም። ሌባን በሌባ የሚያስይዝ ባላንጣ መኖሩን አውቃለሁ። ግን እስኪ ክፉ ክፉውን እናስብ። ሰውየው የላከው አለ እንበል። ዝና ፈልጎ ነው፣ የውጭ ገንዘብ በልቷል፣ ወንድሙ ተቃዋሚ ነው እንበል። እሺ፣ ከዚያስ? የ28 ዶላሩ ጭምብል ዋጋው ይቀንሳል? ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ ይጠፋል? ተላላኪም ያምጣው መልአክ፣ ደረሰኝ ደረሰኝ ነው። የሰውየውን ማንነት ለማጣራት ጊዜ አለን፤ እሱን አስረው «አጣሩ» የሚሉን ሰዎች ግን ያ ጊዜ እንዲያልቅ ነው የሚፈልጉት።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እኛም እንታሰር?» ትሉ ይሆናል። እኔ አምስት መቶ ብር በወረቀት ጠቅልዬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ጀግንነት ላስተምር አልችልም። የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው በሌብነት ጉዳይ ጽፎ ሲታሰር፣ ብሔሩን፣ የድሮ ፎቶውን፣ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ የሚያሳይ ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ሰውየው ምን ብሎ እንደነበር ፈልጋችሁ አንብቡ። እሱን አጋሩት።

በዚያን ቀን ወረፋዬ ደርሶ ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፍኩ። ልጅቷ ቀና ብላ ሳታየኝ ተቀበለችኝ። ፋይሉን ለማምጣት ከወንበሯ እንኳ አልተነሳችም፤ እግሯ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አወጣችው። ስወጣ ጥበቃዎቹ በር ላይ ቆመው እየሳቁ ነበር። ሰውየው የት እንደተወሰደ አልጠየቅኋቸውም።