ሰብለ ወንጌል እህት ቢኖራት ኖሮ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ወንድ ሁሉ ዕብድ ስለተባለው ስለ ጉዱ ካሳ ያወራል። ነፋስ መውጫ ውስጥ መምህራን ለቡና በተቀመጡበት ቤት ሁሉ የምሰማው ይህንኑ ነው። ጨዋታው ከጤፍ ዋጋ ይነሳል፣ በደመወዝ በኩል ያልፋል፣ ዞሮ ዞሮ ጉዱ ካሳ ጋ ይደርሳል። አንዱ ራሱን ጉዱ ካሳ ያደርጋል፤ ሌላው አለቃውን በሰብለ አባት ስም ፊታውራሪ መሸሻ ብሎ ይሰይማል፤ ይሳቃል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ እንበተናለን። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ግን የመጽሐፉን ዋና ሴት፣ ሰብለ ወንጌልን፣ የሚያነሳ ሰው ብርቅ ነው። ከተነሳችም ቁንጅናዋ ተወርቶ በዚያው ይታለፋል።

ሴቶቹ ሲያወሩ ሌላ መጽሐፍ ያነበቡ ይመስላል። ጎረቤቴ ድንችና ገብስ ትነግዳለች። መጽሐፉን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ በልጅነቷ በሬዲዮ ሰምታዋለች። «ለመሆኑ ያች ልጅ ማን ነበራት?» ትለኛለች። «እናቷ የባሏ ናት። አባቷ የዘሩ ነው። ልጁ የስለት ነው። ያ የሚያዝንላትም ዕብድ የተባለ ሰው ነው። ታዲያ ማን ነበራት?» ስለዚህ ልቦለድ የተጻፈ ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ። የሰብለን ብቸኝነት እንደዚህች ነጋዴ አፍረጥርጦ ያወጣው አላጋጠመኝም።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር ግን፣ ማለትም በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት፣ ያነበበው ጥቂት፣ የሰማው ብዙ ነው። በደርግ ጊዜ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው እኔ እስቴ ውስጥ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። የሬዲዮዋን ባትሪ ድንጋይ ለሌላ ፕሮግራም አያባክናትም፤ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ለትረካው ያቆያታል። ጎረቤቱ ከብቱን አግብቶ ይመጣል፣ መደቡ ይሞላል፣ ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ይሰማሉ። የሰብለ ፍቅረኛ በዛብህ ሲሞት አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተ። እናቴ ከጓዳ ሆና የተናገረችው ግን ስለ በዛብህ አልነበረም፤ «እሷስ እንግዲህ?» ነበር ያለችው።

ደግሞ ታሪኩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ታሪኩ የሚካሄድባቸው ዲማ ጊዮርጊስም ማንኩሳም ከዓባይ ማዶ ጎጃም ናቸው፤ ወዲህ ማዶ ያለነው እኛ ነን። የእስቴ ሰው ሞጣ ገበያ ይወርዳል፣ የሞጣ ሰው ወደኛ ይሻገራል፣ ይጋባል፣ ይካሰሳል። መሃል ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከመሃሉ ከተሰበረ በኋላ ሰዉ ለብዙ ዓመት በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት ስትናገር የአክስቴ ድምፅ ይሰማኛል። የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነቱን ሰውም አያቶቻችን ግብር የገበሩለት ስለሆነ ማንም እንዲያስረዳን አንጠብቅም።

ስለ በዛብህም እንደዚያው። ጋይንት የአብነት ትምህርት አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ በር ላይ ቆሞ ያላየ የኛ አገር ሰው የለም። ስለዚህ የበዛብህ ጉዳይ በኛ ዘንድ ሲነሳ እንደ ልቦለድ አይደለም፤ እንደ ችሎት ነው። እናቱ የተሳለችው ስለት ያስራል ወይስ አያስርም? አንድ የማውቃቸው መሪጌታ ነገሩን ባነሳሁባቸው ጊዜ ተቆጡ። «የተሳለችው እናት ናት፤ ልጁ አፉን አልከፈተም። ዲያቆን አግብቶ ይቀስሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳታግቡ አገልግሉኝ አላለችም። ውድነሽ በጣሙ ልጇ እንዳይሞትባት የልጇን ትዳር ያዘች፤ የያዘችው የራሷን ያልሆነ ነው።» ከጎናቸው የነበሩ ሌላ መሪጌታ አልተስማሙም፤ እናት ለልጇ ነፍስ የገባችው ቃል እንዴት ይናቃል አሉ። ክርክሩ እስከ ማታ ሄደ። የትኛውም ግን የሰብለን ስም አልጠራም። ስለቱ ሲፈርስም ሲጸናም መከራው የሚያርፍባት ልጅ ከክርክሩ ውጭ ነበረች።

አሁን ለማነጻጸር አንድ የእንግሊዝ ልቦለድ ላምጣ። ከትምህርት ቤት መጻሕፍት መሃል የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ለተማሪ ተብሎ በአጭሩ የተዘጋጀው ቅጂ እጄ ገባ፤ በኋላ ሙሉውን ፈልጌ አነበብኩት። በ1813 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ነው። አምስት እህትማማቾች አሉ፣ ወንድም የለም። ወንድ ልጅ ስለሌለ አባትየው ሲሞት ርስቱ ለወንድ ዘመድ ያልፋል፤ ልጆቹ ካላገቡ ሜዳ ላይ ናቸው። እናትየው እንደዚያ የምትንቀዠቀዠው ለዚህ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ተመልከቱ፤ በጎጃምም በጎንደርም ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሴት ልጅ በደንቡ የአባቷንም የእናቷንም ድርሻ ትጠይቃለች። ታዲያ የፊታውራሪ መሸሻ አንድያ ልጅ ለእንጀራ ብላ የምታገባበት ምክንያት የለም። የእንግሊዞቹ ልጆች መሬት አጥተው የሚቸገሩትን ሰብለ መሬት ሞልቷት ተቸገረች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ዘሩ አይመጥንም ይባላል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፣ ልጅቱ ቆማ ትቀራለች። ያ ሁሉ ርስት በዘር አጥር ታጥሮ እሷኑ አሰራት።

የሁለቱ መጻሕፍት ትልቁ ልዩነት ለእኔ ግን ርስቱ አይደለም። ከአምስቱ እህትማማቾች አንዷ ኤልሳቤጥ ማታ ማታ ከታላቋ ከጄን ጋር ታወራለች። ያልወደደችው ሰው ሲጠይቃት እምቢ ትላለች፤ እናቷ ቤቱን ስትገለብጠው እህቷ አለች። ሰብለ ምን አላት? ወንድም የለ፣ እህት የለ። ቤቱ በአሽከርና በገረድ የተሞላ ነው፤ ከእነሱ ጋር ግን ጌትነቱ አያገናኛትም። የልቧን የምትነግረው የመጀመሪያው ሰው ማስተማሪያ ተብሎ ቤት የመጣው በዛብህ ነው። ፍቅር ያዛት የምንለው ነገር ግማሹ የሚያናግራት ሰው በማግኘቷ ነው ብል የሚቆጣ አንባቢ አይጠፋም። ይቆጣ።

እህት ማለት ምን እንደሆነ ከሌላ አልሰማሁትም። እኛ ቤት አራት ሴቶች ነን፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ታላቃችንን፣ እታለምን፣ የዳሯት ጡቷ ሳይወጣ ነው። ሁለተኛዋንም በዚያው ድግስ ዳሯት፤ ዳስ ከተጣለ፣ ጠላ ከተጠመቀ፣ በሬ ከተጣለ አይቀር ተብሎ። በአንድ ዳስ ሁለት እህት መዳር እኛ አገር ወጪ መቆጠቢያ ነበር፤ ሁለተኛዋ ያኔ ገና ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅልሞሽ ትጫወታለች። እታለም ጥቂት ዓመት ቆይታ ባሏን ጥላ መጣች። ቤት ውስጥ እንደ ጥፋተኛ ነበር የምትታየው፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ አትናገርም።

የእኔ ሽማግሌዎች የመጡት በሰንበት ነው። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የንስሐ አባታችን ነበሩ። አባቴ አጎዛ አነጠፈላቸው። ሽማግሌ ሲመጣ እንደሚደረገው ወዲያው አልተቀመጡም፤ ቆመው ጉዳያቸውን ሲናገሩ እታለም ጠላ ልትቀዳ ገባች። ዋንጫውን ለመጀመሪያው ሽማግሌ ሰጠች፣ ለሁለተኛው ቀዳች፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ወደ አባቴ ዞረች። «አባዬ፣ እኔን ሰጣችሁኝ። እሷንም ከእኔ ጋር ሰጣችኋት። ይህችን ተዋት፤ ትማር» አለች። ሴት በሽማግሌ ፊት ስትናገር ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ መሬት መሬት አየ። የንስሐ አባታችን «ልጅቱ ያለችው ይታሰብበት» አሉና ጠላቸውን ጠጡ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ሰብለ እህት ብትኖራት ኖሮ መጽሐፉ ከመሃሉ ያልቅ ነበር፤ ሐዲስ ብቻዋን ያደረጓት አውቀው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የደራሲው ጥበብ እዚያ ላይ ነው፤ በዙሪያዋ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ነሷት። የጄን ኦስተን እህትማማቾችም ቢሆኑ ሁሉም ደጋፊ አይደሉም፤ ትንሿ ሊዲያ ከወታደር ጋር ጠፍታ የሁሉንም ስም አደጋ ላይ ጥላለች። በእኛም ቤት ሁለተኛዋን ያስዳራት የታላቋ ድግስ ነው። እህት መድኃኒት ናት አላልኩም። ሰብለ ወንጌልን የገደላት የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብቻ ነው ብለን መጽሐፉን ስንከድን ግን እያንዳንዳችን ቤት ያለውን ነገር እያለፍን ነው እላለሁ። ፊታውራሪ ቀርቷል፤ ባላባት ቀርቷል። ለልጅቱ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት ሰው ማጣት ግን አልቀረም።

ሕጉ አለ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይም የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል፤ እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች። ሆኖም ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ጦርነት ገብቶ ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ለዓይን ትቀርባለች፤ ዕድሜዋ በሽማግሌ አፍ ሁለት ሦስት ዓመት ይጨመርለታል። ሌላዋ ለሰው ቤት ሥራ አዲስ አበባ ትወርዳለች፣ ወይ ዓረብ አገር ትሻገራለች። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ የሚያነቡ ተማሪዎቼ «ለምን አልደወለችለትም?» ብለው ይስቁ ነበር። አንዷ የስማዳ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። «እሷ ቤቷ ድረስ አስተማሪ መጥቶላታል፤ እኛስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጅቷን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በትምህርት ቤት ውስጥ እኛ አስተማሪዎች ይህን መጽሐፍ የምናስተምርበት መንገድም ይስተካከል። የፈተና ጥያቄው ሁልጊዜ የጉዱ ካሳ የለውጥ ሐሳብ፣ የፊውዳሉ ሥርዓት፣ የቋንቋው ውበት ነው። ይጠየቅ፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳን «ሰብለ ወንጌል ሐሳቧን ለማን ነገረች?» ተብሎ ቢጠየቅ ወንዶቹ ተማሪዎችም ቤታቸው ያለችውን እህታቸውን ያስቡ ነበር። እኔ ዘንድሮ ጠይቄአለሁ። ግማሹ ወረቀት ባዶ ነው የተመለሰው፤ የቀረው ግማሽ ግን ካረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

መጽሐፉ ቤታችሁ ያላችሁ፣ በተለይ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ አንባቢዎች፣ መደርደሪያ ላይ አታኑሩት። ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ቤት ለዋለች ልጅ አውሷት። ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነ ወንድሟ ማታ ማታ ያንብብላት። ስትጨርስ ስለ ጉዱ ካሳ አትጠይቋት፤ ሰብለ ምን ማድረግ ነበረባት ብላችሁ ጠይቋትና የምትለውን እስከ መጨረሻው ስሟት።