ፍሪጅዎ በረዶ መሥራት ሲያቆም

የልጅዎ ልደት ነው። ኬኩ ደርሷል፣ ጭማቂው በጆግ ተቀድቷል፣ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ብርጭቆውን በፍሪጁ በር ላይ ካለው በረዶ ማውጫ አስጠግተው ሲጫኑ ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ አንድ ፍሬ በረዶ አይወርድም። በማግስቱ ባለሙያ ይጠራሉ። ባለሙያው የፍሪጁን ጀርባ በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ «ጋዝ አልቋል፤ መሞላት አለበት» ይላል። ይከፍላሉ። ሁለት ቀን ይጠብቃሉ። በረዶ ግን የለም።

በእኔም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ብልሽቱ ፍሪጁ ላይ እንዳልነበረ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። የት እንደነበረ ከታች እነግርዎታለሁ። አስቀድመን ግን የጋዙን ነገር እናጥራ።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተሽከረከረ ያንኑ ሥራ ለዓመታት ይሠራል። የሚቀንሰው ቱቦው ቀዳዳ ካለውና ካፈሰሰ ብቻ ነው። ከቀነሰ ደግሞ ፍሪዘሩ ራሱ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ፍሪዘርዎን ይክፈቱና ሥጋውን ይንኩ። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ አይስክሬሙም ካልላላ፣ ለበረዶው መጥፋት ጋዝ ምክንያት አይደለም። ሥጋው ከላላና ጋዝ መሞላት ካለበትም «የፈሰሰው በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል፤ እርስዎም ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

በረዶ መሥሪያው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ መብራቱ፣ ቅዝቃዜውና ውሃው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለ ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ይከፈትና ፍሪዘር ውስጥ ያለችውን ትንሽ ገበታ በውሃ ይሞላል። ውሃው ሲጠጥር አንዲት ትንሽ ሞተር ትዞርና በረዶውን ወደ ማጠራቀሚያው ትጥላለች። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ሥራው በራሱ ይቆማል። ምንም ገንዘብ ከማያስወጣው ፍተሻ እንጀምር።

መጀመሪያ፣ ማሽኑ መከፈቱን ያረጋግጡ። በብዙ ፍሪጆች ከማጠራቀሚያው በላይ ቀጭን የሽቦ ክንድ አለ፤ ወደ ላይ ከተነሳ ማሽኑ ተዘግቷል ማለት ነው። ሥጋ ስናስገባ ወይም ስናወጣ ሳናውቀው እናነሳዋለን። በአዳዲሶቹ ደግሞ በበሩ ላይ በረዶ መዝጊያ ቁልፍ አለ፤ የልጅ ጣት በቀላሉ ይደርስበታል። ክንዱን አውርደው ወይም ቁልፉን ከፍተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በረዶ አይጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ቅዝቃዜውን ይለኩ። ፍሪዘር መሆን ያለበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ለፍሪጅ የሚሆን ቴርሞሜትር ገዝተው ሌሊቱን ውስጡ ያሳድሩት። ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ላይ ከቆመ ሥጋው ደርቆ ሊታይ ይችላል፤ በረዶ መሥሪያው ግን ይዘገያል ወይም ጨርሶ ያቆማል። ይህ በተለይ ከበዓል በኋላ ይበዛል። የፋሲካው ቅርጫና የተረፈው ዶሮ ወጥ ፍሪዘሩን እስከ አፉ ይሞሉትና አየር መተላለፊያው ይደፈናል። ከኋላ በኩል ላሉት የአየር ቀዳዳዎች ቦታ ይልቀቁ። የበሩንም ጎማ ይፈትሹ። በሩን ወረቀት ላይ ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል።

መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠር ሌላ ችግርም አለ። በማጠራቀሚያው ያለው በረዶ በከፊል ይሟሟል፣ መብራት ሲመለስ እንደገና ይጠጥርና አንድ ትልቅ ድንጋይ ይሆናል። ማሽኑ የሚያጉረመርመው ያንን ድንጋይ መግፋት አቅቶት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ማጠራቀሚያውን አውጥተው በረዶውን ይድፉ፣ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት። እርጥብ ከገባ ተመልሶ ይጣበቃል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በከተማችን ብዙ በረዶ መሥሪያ የሚቆመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔም የተያዝኩት እዚሁ ነበር። የጓዳዬ ቧንቧ ውሃ ስለሚያወርድ ውሃ አለ ብዬ አሰብኩ። ለካ የግቢው ፓምፕ ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖታል። ውሃው የሚወርደው ከሮቶው በራሱ ክብደት ብቻ ነበር።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አብዛኞቹ በረዶ መሥሪያዎች ቢያንስ 1.4 ባር ያህል የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። ከፍታ ላይ የተቀመጠ ውሃ ደግሞ ለየ10 ሜትሩ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ሮቶዎ ከፍሪጁ በ3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው። ይህ ሰሃን ለማጠብ ይበቃል፤ ለበረዶ መሥሪያው ግን አይበቃም። ውሃው ከጣሪያ ሮቶ በሚወርድበት ሕንፃ የሚኖሩ ከሆነም፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሲቸገር የታችኛው ላይቸገር ይችላል።

ደካማ ግፊት ሌላም ጣጣ አለው። ቫልቩ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋው በውሃው ግፊት እየታገዘ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲያንስ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ያቺ ጠብታ ወደ ገበታው በሚያስገባው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ትጠጥርና መንገዱን ትዘጋዋለች።

ፍተሻው አንድ ባልዲ ብቻ ይፈልጋል። ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ። ወደ ፍሪጁ የሚሄደውን ውሃ መዝጊያውን፣ ሳራሲኔስካውን፣ ይዝጉ። ከፍሪጁ ጀርባ ቱቦውን ፈተው ጫፉን ባልዲ ውስጥ ያስገቡና ይክፈቱ። ውሃው በኃይል ከወጣ ጥሩ ነው። ከተንጠባጠበ ቱቦው የታጠፈበትን ቦታ ይፈልጉ፣ ፓምፑንም ይመልከቱ።

ቀጥሎ ማጣሪያው አለ። አብዛኞቹ አምራቾች በየ6 ወሩ ቀይሩት ይላሉ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ደፍርሶ በሚመጣበት ሰፈር ግን ቀድሞ ይደፈናል። ስለዚህ ውሃ ሲመለስ የፍሪጁን መዝጊያ ዘግተው የጓዳውን ቧንቧ እስኪጠራ ድረስ ያፍስሱ። ፍሪጅዎ በበሩ ላይ መጠጥ ውሃም የሚቀዳ ከሆነ ራሱ ይነግርዎታል። ውሃውም ከቀጠነ ችግሩ ግፊቱ ወይም ማጣሪያው ነው። ውሃው ደህና እየወረደ በረዶ ብቻ ከሌለ፣ የተጠረጠረው ያ የጠጠረው ቀጭን ቱቦ ወይም የበረዶው ቫልቭ ነው።

የጠጠረውን ቱቦ ለማቅለጥ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው በሩን ለጥቂት ሰዓት ክፍት ይተዉት፤ ከሥር ፎጣ ያንጥፉ። የሚቸኩሉ ከሆነ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከራቅ ብሎ፣ በደረቅ እጅ ይጠቀሙ። በቢላዋ ግን በፍጹም አይቆፍሩ። የጋዙ ቱቦ ከተበሳ ያኔ በእርግጥም «ጋዝ አልቋል» ይባላሉ።

ፍሪጁ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የእነሱ መብራት 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም። ስለዚህ ለ50 ሄርዝ ያልተሠሩ ሞተሮች ዘገም ሊሉና ሊሞቁ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ አይተው ካልተስተካከለ ባለሙያ ይጥሩ። በስልክ ግን «ፍሪጄ ተበላሸ» አይበሉት። «ፍሪዘሩ 18 ላይ ነው፣ ውሃው በኃይል ይመጣል፣ ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ቱቦው አልጠጠረም» ይበሉት። ያኔ የሚቀረው ቫልቩ፣ ትንሿ ሞተር ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ነው። ስለ ጋዝ የሚያወራበት ምክንያት አይኖረውም።

ከብልሽቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን በረዶ ጀርም ይገድላል ብለን እናምናለን። አይገድልም፤ ያቆየዋል እንጂ። የተለመደው የፍሪጅ ማጣሪያም የክሎሪን ጣዕምን ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያን ለማስወገድ የተሠራ አይደለም። ለልጆችዎ የቧንቧ ውሃ አፍልተው የሚያጠጡ ከሆነ፣ ከዚያው ቧንቧ የተሠራ በረዶ ጭማቂያቸው ላይ መጨመር ልፋትዎን ከንቱ ያደርገዋል። ሮቶው ያልታጠበ ወይም ውሃው ጠፍቶ የመጣ ከሆነ፣ ተፍልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተለመደው የበረዶ ገበታ ይሥሩላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይጠብቁ።

በረዶ መሥሪያው ሥራ ሲጀምርም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ይድፏቸው። በቱቦው ውስጥ ቆሞ የሰነበተውን ውሃ ይዘው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ለእንግዳዎ ያቅርቡ።